ከሞራውና ከግፊቱ ባሻገር፦ የኮርኒያ ሒሳብ

(በጉለሌ፣ ዊንጌት ለአካባቢው አድማጮች የተዘጋጀ ዲስኩር)



አንድ ሰው የዓይን ሞራና ግላኮማ በአንድ ዓይን ላይ ሲደራረቡበት ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ኦፕራሲዮን ይሠሩለታል። ሞራው ይገፈፋል፤ ለዓይኑ ፈሳሽ አዲስ መውጫ ይከፈታል፤ ግፊቱ ይወርዳል። ስለ ሞራው ሰፈሩ ሁሉ ያወራል፤ ግፊቱንም ሐኪሙ በየቀጠሮው ይለካል። እኔ ዛሬ የማወራው ስሙ እምብዛም ስለማይነሣው ስለ ሦስተኛው አካል ነው። መሣሪያው ሁሉ የሚሠራው በእሱ ሥር ነው፤ በኦፕራሲዮኑ ጊዜ የሚረጨው ፈሳሽ የሚመታው እሱን ነው፤ ብርሃንም ወደ ዓይን የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ኮርኒያ ይባላል። የዓይን ባንክ ሰዎች «የዓይን ብሌናችሁን ለግሱ» ሲሉን የሚጠይቁን ይህንኑ ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ጥምር ቀዶ ሕክምናው ለብዙ ኢትዮጵያዊ ታካሚ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ነገር ግን ኮርኒያው የሚከፍለው ዋጋ በማግስቱ አይታይም፤ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ፋሻው በተነሣበት ጠዋት በሚታየው ደስታ ብቻ ሥራው ተሳክቷል ብለን መዝገቡን መዝጋት የለብንም።

ጉዳዩን ዊንጌት ላይ ማንሣቴ ያለ ነገር አይደለም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1941 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ወደ አገራችን ከገባው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን። ዛሬ ግን «ጳውሎስ፣ ዊንጌት፣ አስኮ!» የሚለውን የታክሲ ረዳት ጥሪ የሚሰማ ብዙ ሰው ሐሳቡ የሚሄደው ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ከቡራዩ፣ ከሆለታ፣ ከሱሉልታ ወዲህ ለሕክምና የሚመጣውን ሰው ታውቁታላችሁ። አንድ ዓይኑ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ እጁን ይዛዋለች፤ በፌስታል ውስጥ ካርዱ፣ ሁለት ጠብታና የቀጠሮ ወረቀት አለ። ያ ሰው ለዛሬው መንገድ ምናልባት ፍየል ሸጧል። ለሁለተኛ ኦፕራሲዮን ዳግም ና ቢሉት ይመጣል? ብዙ ጊዜ አይመጣም። ሁለቱን በአንድ ላይ የመሥራት ሐሳብ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኼው ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዓይነ ሥውርነት ጥናት ያገኘውን አስታውሱ። ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር ነበር፤ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ። ከዓይነ ሥውርነቱ ግማሹን፣ ማለትም 49.9 በመቶውን ያስከተለው የዓይን ሞራ ነው። በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በሌላ ምክንያት የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 7.8 በመቶ፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። እነዚህን ቁጥሮች ለየብቻ ማንበብ ለምዶብናል። እኔ የምለምናችሁ አንድ ላይ እንድታነቧቸው ነው። ሞራ፣ ግላኮማና የኮርኒያ ጉዳት በተለያየ ሰው ላይ ብቻ አይደለም የሚገኙት፤ ሦስቱም አንድ ዓይን ውስጥ ይገናኛሉ።

ለምሳሌ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንውሰድ። ስድሳ ዓመት አልፎታል እንበል። ጥለት ሲሠራ ቀዩን ከቡናማው መለየት አቅቶታል፤ ክር ሲበጠስበት የሚቀጥልለት ልጁ ነው። ሲመረመር ሞራው በስሏል። በዚያ ላይ የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሏል። ጤነኛ ግፊት በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ባለው ውስጥ ነው፤ የእሱ 32 ነው። የዓይኑ ነርቭ በከፊል ተጎድቷል። ሞራ የሸፈነውን መልሶ ማየት ይቻላል፤ ግላኮማ ከነርቩ ላይ የወሰደው ግን አይመለስም። ስለዚህ ሐኪሙ ሞራውን ብቻ ገፎ ቢያሰናብተው የቀረውን ነርቭ ለግፊቱ ትቶት ሄደ ማለት ነው። ግፊቱን ብቻ ቢያስተካክል ደግሞ ሰውዬው ወደ ድርና ማጉ አይመለስም። ግፊት የሚያወርደው ቀዶ ሕክምና ራሱ ሞራን የሚያፋጥን ከመሆኑም በላይ፣ ሞራው ኋላ ሲገፈፍ ቀድሞ የተከፈተው መውጫ ሊደፈን ይችላል። በአንድ ጊዜ መሥራቱ ምክንያታዊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኮርኒያው እንግባ። ውፍረቱ መሐል ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። የደም ሥር የለውም። በዚህች ግማሽ ሚሊሜትር ውስጥ ከፊት የሚታደሱ ሴሎች፣ መሐል ላይ በሥርዓት የተደረደረ ወፍራም ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ረድፍ ብቻ የሆኑ ሴሎች አሉ። የዛሬው ነገር ሁሉ የሚዞረው በእነዚህ በኋለኞቹ ላይ ነው፤ ኢንዶቴሊየም ይባላሉ። ሥራቸው ውኃ ማስወጣት ነው። የዓይኑ ፈሳሽ ሳያቋርጥ ወደ ኮርኒያው ይሰርጋል፤ እነሱም ሌሊትና ቀን ወደ ውጭ ይመልሱታል። ይህን ሲያቆሙ ኮርኒያው ውኃ ይቋጥራል፣ ያብጣል፣ ይነጣል።

የእነዚህ ሴሎች መጥፎ ዕድል በሰው ዓይን ውስጥ የማይባዙ መሆናቸው ነው። ሕፃን ሲወለድ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ ወደ 4,000 ገደማ ይኖረዋል። ለአዋቂ ከ2,000 እስከ 3,000 ይቀራል። ምንም ሳንታመም እንኳ በዓመት 0.6 በመቶ ያህል እናጣለን። የሞተውን የሚተካ አዲስ ሴል አይመጣም። ታዲያ ቀዳዳው እንዴት ይሸፈናል? ደቦ ላይ አንድ ሰው ሲቀር ግራና ቀኝ ያሉት ሰፋ ብለው የእሱን ትልም እንደሚይዙት፣ ጎረቤት ሴሎች ተለጥጠው ቦታውን ይይዙታል። ሥራው ይቀጥላል፤ ድካሙ ግን ይጨምራል። ቁጥሩ ከ500 በታች ሲወርድ የቀሩት ሴሎች ውኃውን ማስወጣት ያቅታቸዋል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ልዩ ነገር የሚመጣው። ኤክስፎሊዬሽን የሚባል ሕመም አለ። መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1917 በፊንላንዳዊው ሐኪም በሊንድበርግ ነው። አመድማ ነጭ ብናኝ በሌንሱ ፊትና በብርሃን ማስገቢያው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ብናኙ የፈሳሹን መውጫ ይዘጋና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ሌንሱን የሚይዙትን ክሮች ያላላል፤ ቀዳዳው በጠብታ እንኳ በደንብ እንዳይሰፋ ያደርጋል። ሞራም አብሮት ይመጣል። የእነዚህ ሰዎች ኢንዶቴሊየም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእኩዮቻቸው ያነሰና የደከመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ጥናት ለሞራ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ከያዙ ታካሚዎች መካከል በ39.3 በመቶው ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል። ከአሥር ሰው አራቱ ማለት ይቻላል! ወደ ኦፕራሲዮን አልጋ ከሚወጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ገና ከመነሻው ሦስት ችግር ሊኖርባቸው ይችላል፦ ለመገፈፍ የሚያስቸግር ሞራ፣ ከፍ ያለ ግፊትና አስቀድሞ የሳሳ ኮርኒያ።

ይህ ዓይን አልጋው ላይ ሲወጣ ምን ይደርስበታል? የሞራ ቀዶ ሕክምና የዛሬውን መልክ የያዘው ደረጃ በደረጃ ነው። ሃሮልድ ሪድሊ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገባ። ቻርልስ ኬልማን እ.ኤ.አ. በ1967 ሞራውን በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ የሚመጥ ዘዴ ሠራ፤ ፋኮ የምንለው እሱ ነው። በዓመቱ ደግሞ የካምብሪጁ ኬርንስ ግፊት የሚያወርደውን ትራቤኩሌክቶሚን አሳተመ። በእኛ አገር በተለይ በዓይን ሕክምና ዘመቻ ጊዜ የሚበዛው ማሽን የማይፈልገው፣ ሞራውን በትንሽ ስንጥቅ ሙሉውን የሚያወጣው የእጅ አሠራር ነው። የእኛ ሞራ ዘግይቶ የሚመጣ፣ የጠነከረና የጠቆረ ስለሆነ ይህ አሠራር በብዙ ቦታ ተመራጭ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው በብዙ በር ነው። በፋኮ ጊዜ የድምፅ ሞገዱ ጉልበት፣ የፈሳሹ ሽክርክሪትና የሞራው ስብርባሪ ኢንዶቴሊየሙን ይመቱታል፤ ሞራው በጠነከረ ቁጥር ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱ በበዛ ቁጥር ሴል ይሞታል። በእጅ አሠራር ደግሞ ጠንካራው ሞራ ሙሉውን ሲወጣ ከኮርኒያው ጀርባ ጋር እንዳይተሻሽ ያሰጋል። በሁለቱም ላይ የትራቤኩሌክቶሚው ጊዜ ይጨመራል። መውጫው ጠባሳ ይዞ እንዳይዘጋ የሚደረገው ማይቶማይሲን የተባለ መድኃኒት ወደ ዓይን ውስጥ ከሰረገ ለእነዚህ ሴሎች መርዝ ነው። ከሁሉ የማስፈራው ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ባሉት ቀናት ሊመጣ የሚችለው ነው። አዲሱ መውጫ ከመጠን በላይ ካፈሰሰ የዓይኑ የፊት ክፍል ይጠባል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋና ከኋላ ያለው አካል ኮርኒያውን ይነካዋል። እንዲህ ያለ ንክኪ በሰዓታት ውስጥ ዓመታት የሚወስደውን ያህል ሴል ያጠፋል።

መከላከያውስ? አለ። ሐኪሙ በኮርኒያው ጀርባና በመሣሪያው መካከል ዝልግልግ ያለ ጄል ይሞላል፤ የጄሉ ሥራ ሴሎቹን ከንክኪ መጋረድ ነው። ሞራው ሲወጣ ጄሉን መቆጠብ ሲኳሉ ዓይን ማጥፋት ነው። ማይቶማይሲኑ ተደርጎ ሲያበቃ በብዙ ፈሳሽ መታጠብ አለበት፤ ያውም ዓይኑ ከመከፈቱ በፊት። የመውጫው ስፌት ፈሳሹ በአንዴ እንዳይሮጥ ጠበቅ ብሎ ተሰፍቶ ኋላ በቀጠሮ ይላላል። ለዚህ ነው በማግስቱና በመጀመሪያው ሳምንት ያለው ቀጠሮ ከሁሉም የበለጠ የሚያስፈልገው።

ይህን ያህል ካስፈራራሁ የምሥራቹንም ልንገራችሁ። ኮርኒያ ፊትም አለው። የፊቱ ሴሎች ይታደሳሉ። ግላኮማ ያለበት ሰው ለዓመታት በቀን ሁለትና ሦስት ዓይነት ጠብታ ሲያደርግ የኖረ ነው። በብዙዎቹ ጠብታዎች ውስጥ እንዳይበላሹ የሚጨመር ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ ማቆያ አለ። ማቆያው የእንባውን ሥርዓት ያዛባል፣ የኮርኒያውን ፊት ይፍቃል፤ ሰውዬው ዓይኔን አሸዋ አሸዋ ይለኛል፣ ይቆጠቁጠኛል ይላል። ጥምር ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ጠብታው ሲቀር ወይም ሲቀንስ ይህ የፊት ክፍል ያገግማል። ኪሱም አብሮ ያገግማል፤ ጠብታ በየወሩ የሚገዛ ሁሉ የምለው ይገባዋል። በአንጻሩ አዲሱ መውጫ ከዓይን ሽፋኑ ሥር ፈሳሽ ይዞ ከፍ ስለሚል እንባው በአጠገቡ እኩል እንዳይዳረስ ሊያደርግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጎኑ ላይ ያለው ኮርኒያ ደርቆ ይሳሳል። እንዲያም ሆኖ በድምሩ የኮርኒያው ፊት ብዙ ጊዜ የሚያተርፍ ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው ኋላው ነው።

በአገራችን ፊቱን በተመለከተ ትራኮማን መዝለል አይቻልም። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ኮርኒያውን የሚወጋው ሰው፣ ቤቱ ወረንጦ ይዞ ፀጉሩን ሲነቅል የኖረ ሰው፣ ሞራውና ግላኮማው ከመነካቱ በፊት የዓይኑ ቆብ መስተካከል አለበት። በሚወጋ ፀጉር ሥር የተሠራ ኦፕራሲዮን ለቁስልና ለመመረዝ በር ይከፍታል።

የኮርኒያው ቅርፅም ይለወጣል። ስንጥቁና ስፌቱ ኮርኒያውን በአንድ በኩል ይጎትቱታል፤ ስለዚህ መነጽር የሚለካው ቁስሉ ከረጋ በኋላ ነው፤ የሚቸኩል ሰው ሁለት ጊዜ መነጽር ይገዛል። የግፊት መለኪያውም ሊያሳስት ይችላል። በተለምዶ ግፊት የሚለካው የኮርኒያውን ፊት በመጫን ስለሆነ በተፈጥሮው ስስ ኮርኒያ ያለው ሰው ግፊቱ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ኮርኒያቸው ስስ የሆነ ሰዎች ለግላኮማ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል፤ በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ ደግሞ ኮርኒያ በአማካይ ስስ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ኮርኒያም ሲለሰልስ ግፊቱን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ያበጠ ኮርኒያ ላይ «15 ነው፣ ደህና ነው» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ነርቩ እየተበላ ሊሆን ይችላል። የኮርኒያ ጤና የግላኮማ ክትትልም ጉዳይ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እስካሁን ዓመታት ቆይቶ የሚመጣ ዋጋ አለ እያልኩ ነው። ማስረጃው የት አለ? ከቅርብ ዘመን ታሪክ አንድ ላንሣ። ሳይፓስ የሚባል ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ ቱቦ ነበር። በሞራ ኦፕራሲዮን ጊዜ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ የዓይኑን ፈሳሽ ወደ ሌላ መንገድ ያፈስሳል፤ ማለትም ጥምር ቀዶ ሕክምናውን ፈጣንና ቀላል ያደርጋል ተብሎ የተሠራ ነው። በአሜሪካ 505 ሰው ላይ ተሞክሮ፣ የሁለት ዓመቱ ውጤት አጥጋቢ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ፈቃድ አገኘ። በብዙ ዓይን ውስጥ ገባ። ተመራማሪዎቹ ግን በዚህ አልቆሙም፤ እነዚያኑ ታካሚዎች እስከ አምስት ዓመት ተከተሏቸው።

በአምስተኛው ዓመት ሞራቸው ብቻ የተገፈፈላቸው ሰዎች በአማካይ 10.1 በመቶ የኢንዶቴሊየም ሴል አጥተው ነበር። ቱቦውም የገባላቸው ያጡት 20.4 በመቶ ነው። ልዩነቱ የመጣው ቱቦው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ቱቦው ላይ የቀለበት ምልክቶች አሉ፤ ሐኪሙ ከፊት ሲያይ ስንቱ እንደሚታየው በመቁጠር ቱቦው ወደ ኮርኒያው ምን ያህል እንደ ወጣ ያውቃል። ምንም ቀለበት በማይታይበት ዓይን የሴሎቹ መቀነስ በዓመት 1.39 በመቶ ነበር። አንድ ቀለበት ሲታይ 2.74 በመቶ፤ ሁለትና ሦስት ሲታይ 6.96 በመቶ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 ቱቦውን ከዓለም ገበያ አነሣ።

ይህን ቁጥር በሸማኔያችን ዓይን ላይ እናስላው። ኤክስፎሊዬሽን አለበት፣ ስለዚህም ገና ሲጀምር በካሬ ሚሊሜትር 1,500 ሴል ነበረው እንበል። በተፈጥሮው በዓመት 0.6 በመቶ ብቻ እያጣ ቢሄድ ከ15 ዓመት በኋላ ወደ 1,370 ይኖረዋል፤ ኮርኒያው ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። በዓመት 7 በመቶ እያጣ ቢሄድ ግን በ15 ዓመት ውስጥ ወደ 500 ይወርዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሁለተኛው ዓመት ግን ማንም አያየውም፤ ኮርኒያው ያን ጊዜም ጥርት ያለ ነው፤ ሰውዬውም ያያል፤ ምስጋናውም ይቀጥላል። የሳይፓስ ትምህርት ቱቦ ክፉ ነው የሚል አይደለም፤ ኢንዶቴሊየም ሲያልቅ እንጂ ሲቀንስ ምልክት አያሳይም የሚል ነው።

እኛ ጋ በብዛት የሚሠራው ትራቤኩሌክቶሚ ቱቦ ዓይን ውስጥ ትቶ አይሄድም፤ ይህ ይጠቅመዋል። ጉዳቱ በአብዛኛው በኦፕራሲዮኑና በተከታዩ ሳምንታት ላይ ያተኩራል። ትልልቅ የግላኮማ ቱቦዎች ሲያስፈልጉ ግን ጫፋቸው ከኮርኒያው እንዲርቅ ማድረግ የሐኪሙ ግዴታ ነው፤ በየዓመቱም መታየት አለበት።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ቤተሰቡ ልምጣ። የኮርኒያ ድካም ሲጀምር የሚያሳየው ምልክት አለ፤ ልብ ብላችሁ ያዙት። ሰውዬው ጠዋት ሲነሣ ሁሉ ነገር ጉም ይሆንበታል፤ ረፋዱ ላይ እየጠራ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ደህና ያያል። ምክንያቱም ሌሊት ዓይን ተከድኖ ሲያድር ከኮርኒያው ፊት የሚተነው ውኃ አይተንም፤ ያብጣል፤ ቀን ዓይን ሲገለጥ ይደርቃል። ክረምት ላይ እንጦጦ ጉም ሲለብስ አባታችሁ «ዛሬ ጉሙ ከበደ» ቢሉ አይገርምም። እናንተ ጉሙን ሳታዩ እሳቸው ብቻ ሲያዩ ግን ከዓይናቸው ነው። መብራት ዙሪያ ቀለበት ማየት፣ ኋላም በሹል ነገር የመወጋት ሕመምና እንባ ይከተላሉ፤ ያን ጊዜ የኮርኒያው ፊት ውኃ ቋጥሮ እየፈነዳ ነው። የጠዋቱ ጉም እንደ ጀመረ የመጣ ሰው ብዙ ሊደረግለት ይችላል።

ጠበልንም ላንሣ፤ ጉለሌ ላይ ሆኖ ስለ ጠበል ዝም ማለት አይቻልም። እንጦጦ ቅርባችን ነው፤ ብዙ የዓይን ታካሚም ከሆስፒታልም ከጠበልም አይቀርም። እምነታችሁን ማንም አይከለክላችሁም። ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ቧንቧም ይሁን ጠበል ማንኛውም ውኃ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ቁስሉ አልጠገገምና። ጠጡት፣ ገላችሁን ተጠመቁበት፤ ፊታችሁን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጠብቁ። መውጫ የተሠራለት ዓይን ደግሞ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ቀልቶ ዓይናር ካወጣ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ኮርኒያው ጨርሶ ቢደክምስ? ዘመኑ ተስፋ አለው። ከለጋሽ የተገኘ ኢንዶቴሊየምን ብቻ በስስ ሽፋን መልክ መትከል ይቻላል። ጃፓናውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 በቤተ ሙከራ ያራቡትን ሴል በ11 ሰው ዓይን ውስጥ በመርፌ አስገብተው የተሳካ ውጤት አሳትመዋል። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ ከሞት በኋላ በሚገኝ ልገሳ የብዙዎችን ብርሃን መልሷል። ይሁን እንጂ የግላኮማ መውጫ ያለበት ዓይን ላይ የተተከለ ኮርኒያ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይደክማል። የተለገሰ ኮርኒያ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ያለንን ሴል መጠበቅ ከሌላ ሰው ሴል ከመለመን ይቀላል። ልገሳውንም አትርሱ፤ ከሞት በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚነሣ ስለሆነ ቃል የገባ ሰው ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገር አለበት፤ እድራችሁም ቢያውቀው መልካም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛው ለሐኪሞች ነው። ሞራና ግላኮማ ያለበት ዓይን ከመሠራቱ በፊት ኮርኒያውም ይመዘን። ስፔኩላር ማይክሮስኮፕ ያለበት ቦታ ሴሉ ይቆጠር። ማሽኑ በሌለበት ቦታ ስሊት ላምፕ አለ፤ ብርሃኑን በተገቢው ማዕዘን አድርጎ የኋለኛውን ሽፋን ማየት ለሠለጠነ ዓይን ብዙ ይናገራል። ውጤቱም በታካሚው እጅ በሚቀረው ካርድ ላይ ይጻፍ፤ የሆስፒታሉ መዝገብ ከሰውዬው ጋር ሆለታ አይሄድምና። ዓመታዊው ቀጠሮም አምስተኛው ዓመት እስኪያልፍ እንዳይቋረጥ።

ሁለተኛው ለታካሚውና ለቤተሰቡ ነው። ኦፕራሲዮን ከመደረጉ በፊት «ኮርኒያዬስ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪሙ አይከፋም፤ ይልቅ ደስ ይለዋል። በማግስቱና በሳምንቱ ያለውን ቀጠሮ አትዝለሉ። ጥሩ ካየሁ ለምን እመለሳለሁ የሚለው ሐሳብ ብዙ ዓይን አጥፍቷል።

ሦስተኛው በዚህ ግቢ ላሉ ወጣቶች ነው። ጄኔራል ዊንጌት ዛሬ የፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ ማሽን መፍታትና መግጠም የምትማሩበት ቤት። በአገራችን ብዙ የሕክምና መሣሪያ የሚቆመው ጠጋኝ በማጣት ነው። ስፔኩላር ማይክሮስኮፕ ካሜራ፣ መብራትና ኮምፒውተር ነው፤ ለእናንተ እጅ የሚከብድ ነገር አይደለም። የዓይን መሣሪያ ጠጋኝ የሆነ አንድ ሰው የሚያተርፈው ዓይን ከብዙ ሐኪም አያንስም።

የሽሮ ሜዳውን ሸማኔ ሁለቱንም ሥሩለት፤ ሞራውንም ግፊቱንም። በዚያው ቀን የኮርኒያውን ቁጥር ካርዱ ላይ ጻፉለት፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ጠርታችሁ ቁጠሩለት። ተሳክቷል የምንለው ያን ጊዜ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ብዙ ሳይርቅ ሲገኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ገና ክትትል ላይ ነን።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጃችሁን አንሡ፤ ስለ ጠበሉ ልትከራከሩኝ የፈለጋችሁም አብራችሁ።